የእመት ሃሎ ርካሽ ስልክ

ተመስገን! ያንን የኢንተርኔት ስልክ ከነሣጥኑ ነቅዬ አወጣሁት። አሁን ጋራዤ ጥግ ካረጁት ባትሪዎች ጋር ተጥሏል፤ በአጠገቡ ሳልፍ አንድ ስድብ ሳልመርቅለት አላልፍም። እህቴ ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ። ነገሩን ግን ካልተናገርኩት አይወጣልኝም።

እህቴን ሰፈሩ «እመት ሃሎ» ይላታል። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ስልክ ኦፕሬተር ነበረች። መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ ገመድ እየነቀለች ገመድ እየሰካች፣ ባልን ከወለደች ሚስቱ፣ ሐኪምን ከሐኪም ስታገናኝ ነው የኖረችው። ወላጆቻችን በጊዜ ስላለፉ እኔንም ያሳደገችኝ እሷው ናት። ዛሬ ፀጉሬ ሸብቶ፣ አግብቼ ፈትቼ፣ እሷ ግን «ማሙሽ» ነው የምትለኝ። ደንበኞቼ ፊት እንዲህ ስትለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

የምትኖረው ብቻዋን ነው። ልቧ ደከም ያለ ነው፤ የግራ ጆሮዋም አይሰማም። ሞባይል ልግዛልሽ ብላት «ይቺ ብስኩት ጆሮዬ ጋ ስትደርስ አፌ ጋ አትደርስም» ብላ አሻፈረኝ አለች። ስለዚህ በየጠዋቱ በቤት ስልኳ ሚስኮል ታደርግልኛለች፤ እኔም መልሼ ሚስኮል አደርግላታለሁ። በሰላም አድረናል ማለት ነው፤ ከዚያ እሷም ወደ ቁርሷ፣ እኔም ወደ ሥራዬ።

ታዲያ አንድ ቀን ምላሱ ቅቤ የሆነ ሻጭ መኪናውን ሊያሠራ መጣ። «በኢንተርኔት የሚሠራ የቤት ስልክ አለን፤ ልክ እንደ ነፃ ቁጠሩት ጋሼ» አለኝ። እኔ ደግሞ ርካሽ የሚባል ነገር ስሰማ ልቤ ይቀልጣል። የድሮውን መስመር አስቆርጬ አዲሱን ከኢንተርኔት ከሚያገናኘው ሣጥን ጋር አስገባሁላት።

አቤት መከራ! እሷ ትሰማኛለች፣ እኔ አልሰማትም። እኔ ስሰማት እሷ አትሰማኝም። ሁለታችንም የተሰማማን ቀን ደግሞ የገዛ ድምፄ ከኋላ እየተከተለ ይመልስልኛል። «እንዴት ነሽ?» እላለሁ፤ ዝም። ተቀይማኛለች ብዬ «ምን አጠፋሁ?» ስል፣ ያኔ «ደህና ነኝ» የሚለው ይደርሳል። ከዚያ «ምን አጠፋህ?» ትለኛለች፤ በቃ ጭቅጭቅ። ወሬው ሲሞቅ ደግሞ ጥርግ ብሎ ይጠፋል። ድርጅቱ ጋ ስደውል መልሱ አንድ ነው፤ «ሣጥኑን ነቅለው መልሰው ይሰኩት።» ስነቅል ስሰካ ከረምኩ። የሚገርመው ወደ ራሳቸው ወደ ድርጅቱ ሲደወል መስመሩ ኩልል ያለ ነው!

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሥር ተኝቼ እየሠራሁ ደወለችልኝ። ሞባይሌን ደረቴ ላይ አድርጌ ስናወራ ትልቁ መፍቻ ከእጄ አመለጠና ሲሚንቶው ላይ ጓ! አለ። ወዲያው መስመሩ ጠፋ። የተለመደው ነው ብዬ ሥራዬን ጨርሼ ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።

ጠዋት ሚስኮል የለም። ትንሽ ጠበቅኩ፤ የለም። ስደውል አንዲት ማሽን «የደወሉት ቁጥር የለም» አለችኝ። ደግሜ ደወልኩ፤ «የለም።» የለም፣ የለም ስትለኝ ስለ ቁጥሩ የምታወራ አልመሰለኝም። ጨርቄን ማቄን ሳልል መኪናዬን አስነስቼ በረርኩ። መንገድ ላይ ከራሴ ጋር ስጣላ ነበር፤ አንተ ቆጥቋጣ፣ ለእናት ምትክ ሰው ርካሽ ትገዛለህ? ወድቃ ደውላልህ ቢሆንስ? ያ ሣጥን ጥሪዋን ውጦት ቢሆንስ?

በሯን ደበደብኩ፤ ዝም። «እትዬ! እትዬ!» ዝም። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። የጎማ መፍቻውን ብረት ከመኪናው አምጥቼ ቁልፉን ገነጠልኩት።

ጠረጴዛዋ ጋ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። በሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ፣ የስልኩን እጀታ በደህናው ጆሮዋ ላይ ለጥፋዋለች። ከስልኩ ውስጥ ሙዚቃ ይንጫጫል፤ በሯ ሲፈርስ እንኳ አልሰማችም። ትከሻዋን ነካኋት።

ዞራ አየችኝና እጀታው ከእጇ ወደቀ። ራሴን ዳበሰችኝ፣ ደረቴን ዳበሰችኝ፣ እጆቼን አገላብጣ አየች። ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ ተንሰቀሰቀች። «መኪናው ወደቀበት ብዬ እኮ ነው! ጓ ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ ጠፋህ! ብደውል ብደውል እንቢ አለኝ!»

«ኧረ መፍቻ ነው የወደቀው እትዬ! አሁን ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከድርጅቱ። ገና ሲነጋ ነው የደወልኩት። ኦፕሬተሯ ስትመጣ ከማሙሽ ጋር አገናኚኝ ልላት።»

«እትዬ፣ እዚያ ገመድ የሚሰካ ሰው የለም እኮ! ማሽን ነው!»

«መስመሩ ላይ ይቆዩ አለችኝ። ሰው ዝም ብሎ ቆዩ ይላል?»

«ከጎረቤት መደወል አቅቶሽ ነው?»

«ኦፕሬተሯ ብላ ብላ ስትመጣ ብታጣኝስ?» አለችኝ ተቆጥታ።

ልቆጣት አስቤ ሳቅ አመለጠኝ። ወለሉ ላይ ዘፍ አልኩ። ሳቁ መሃል ላይ ዕንባ ሆነ፤ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ሚስቴ ከሄደች ወዲህ ገባህ ወይ፣ አደርክ ወይ የሚለኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። የጠዋቷንም ሚስኮል እሷን የምጠብቅበት ነው ብዬ ስኩራራ ኖሬያለሁ። ለካ ይቺ ልበ ደካማ ሴት በየጠዋቱ እኔን ስትቆጥር ኖራለች።

ይሄኔ ከወደቀው እጀታ አንዲት የልጅ እግር ድምፅ መጣች፤ እውነተኛ ሰው። «ሃሎ፣ ስለጠበቁን እናመሰግናለን። ምን ልርዳዎት?»

እህቴ እጀታውን አነሳች። አፍንጫዋን በካፖርቷ እጅጌ ጠረገች፣ ጀርባዋን ቀጥ አደረገች።

«ወንድሜን ፈልጌ ነበር» አለች።

«ይቅርታ፣ ማንን?»

«መጥቷል። እግዜር ይስጥሽ የኔ ልጅ። በይ አሁን ወደሚቀጥለው ሰው ሂጂ፤ ቶሎ አንሺለት።»