የድሬሰር ቢያዝን የታሰረ ሳጥን

ይቅርታ አርጉልኝ፤ እኔ የመጻፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሁኜ፣ ካርባ ዓመቴ በኋላ። ግን ስለ ድሬሰር ቢያዝን ሌላ የሚጽፍ አላገኘሁም። «እሳቸው» ማለት ይገባኝ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ።

ቢያዝን ባሕር ዳር ውስጥ ሱሪውን እየተኮሰ የሚኖር የሐኪም ረዳት ነበር። ለሱሪው የተጠነቀቀውን ያህል ለሰው ቢጠነቀቅ ኖሮ፣ እኔም ብዕር ባልነካሁ። በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት የተማሪዎቻችንን ዓይን እንዲለካ ተላከ።

የላኩት የዓይን ሐኪም የመነጽር መስተዋት የሞላ ሳጥን ሲሰጡት፣ ዕቃ ላግዝ ሄጄ የዓይን መለኪያውን የፊደል ሰሌዳ የያዝሁት እኔ ነበርሁ፤ ሰምቻለሁ።

«ልጁ ከሩቅ አነበበ ብለህ አትልቀቀው። ይህን መሃሉ ያበጠ መስተዋት ዓይኑ ላይ አርግለት። ጤነኛ ዓይን በዚህ ሩቁ ይደበዝዝበታል። ያኔም ካነበበ፣ የሚያስቸግረው ቅርቡ ነውና ወደኔ ላከው» አሉት።

ቢያዝን ምን አረገ? ሳጥኑን በሲባጎ እንደታሰረ ትቶ፣ ልጆቹን ጣና ዳር አሰለፈ።

«ያቺ ታንኳ ላይ ስንት ሰው አለ?»

«ሁለት! አንዱ ሽበታም ነው» አለች ሰዓዲያ፣ የነጋዴው የሙሀመድየሱፍ ልጅ።

«ኧረ ይቺስ ጭላት ናት!» ብሎ ተንከተከተ።

ይቺ ልጅ መጽሐፍ ስትይዝ ራሷን የሚያማት፣ አንድ ክፍል ሁለቴ የደገመች ናት። አባቷ «ዓይኗ ደህና ከሆነ ስንፍና ነው፤ ሱቅ ትግባ» ብለው ውጤቱን ይጠብቁ ነበር። ቢያዝንም ይህን ያውቃል።

ፈርቼ ፈርቼ፣ «ጌታው፣ መስተዋቱንስ?» አልሁት።

«ዘበኛውም ሐኪም ሆነ! ሂድ፣ በርህን ጠብቅ። መቶ ሰማንያ ልጅ እስከ ምሳ ማለቅ አለበት።»

ልጆቹ ሳቁብኝ። እኔም፣ የኔ ነገር፣ ሄጄ በሬን ጠበቅሁ። እሱ «ዓይኗ ደህና» ብሎ ጻፈ፤ አባቷም አነበቡት።

በማግስቱ ጠዋት ሳጥኑን አሸክሞኝ ወደ ጢስ ዓባይ መኪና ሲሄድ፣ ምላጭ ሊገዛ ሙሀመድየሱፍ ሱቅ ጎራ አለ። ከባንኮኒው ኋላ ሰዓዲያ ቆማለች። ፓኮውን አንስታ፣ ጽሕፈቱን ለማየት ክንዷን እስከ ጫፍ ዘረጋች፤ አንገቷንም ወደኋላ ሳበች። አልታይ አላት።

«ፍጠኝ እንጂ፣ አንቺ ሰነፍ! መኪናው ሊያመልጠኝ ነው» አላት።

ምላጩን ነጥቆ ወጣ፤ የጢስ ዓባይን ልጆች ሊለካ ተሳፈረ። ሳጥኑን እኔው ከእግሩ ሥር አስቀመጥሁለት። ሲባጎው አልተፈታም።