ያልጠበቀች ብሎን

ዛሬ ጠዋት የሞዴል አውሮፕላኔ ሞተር፣ ፕሮፔለሩ እየተሽከረከረ፣ ከአፍንጫው ሊነቀል ሲል በዓይኔ አየሁ። ጅራቱን በሁለት እጄ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ኮልፌ፣ ግቢያችን ውስጥ ነው። በሪሞት የሚበረውን ይህን አውሮፕላን ስድስት ወር ለፍቼበታለሁ። ዛሬ ትንሹን የነዳጅ ሞተር በአራት ብሎን አስሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አስነሳሁት።

(ድምፁን የሰሙት ተከራዮች ሞተር ሳይክል የገዛሁ መስሏቸው «እንኳን ደስ አለሽ» ብለውኛል።)

ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ፣ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው፣ ሊያዩልኝ መጥተው ፊት ለፊት ቆመዋል።

ድንገት አንዷ ብሎን ወልቃ ወደቀች። ሞተሩ ወደ ጎን አዘነበለ። ብለቀው አውሮፕላኑ በቀጥታ እሳቸው ላይ ነው የሚሄደው። ሪሞቱ ደግሞ እጄ የማይደርስበት ወንበር ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ከፊቱ ዞር ይበሉ» አልኳቸው።

«አንቺ ብቻ እንዳትለቂው» አሉኝ ረጋ ብለው። በጎን ዞረው መጡና የነዳጁን ቱቦ በፒንሳ ቆንጥጠው ያዙት።

ሞተሩ ግን ውስጡ የቀረው ነዳጅ እስኪያልቅ አልጠፋም። ጥቂት ሰከንድ ናት፤ ለእኔ ግን አላልቅ አለች።

ጸጥ ሲል እውነቱን ነገርኳቸው። «ብሎኑ እንዳይላላ አስገቢ ያሉኝን ሮንዴላ አንዱ ላይ ዘልዬዋለሁ። ቸኩዬ ነው።»

አልተቆጡኝም። «አራቱንም ፍቺና እንደገና እሰሪው» ብለው ካቻቢቴውን ዘረጉልኝ።

የወደቀችውን ብሎን ከመሬት ፈልገው ያነሱልኝም እሳቸው ናቸው።

እናንተስ፣ «ምን ታመጣለች» ብላችሁ የዘለላችኋት ትንሽ ነገር ምን አመጣችባችሁ? እስቲ አጫውቱኝ።