ምስክሬ የቆሰለውን እግሬን አላወቁትም

«የቆሰለው ግራ እግሩ ነው፣ የኔ ልጅ!» ብለው ጎረቤቴ ጋሽ ዳና ዛሬ ሶዶ ጡረታ ቢሮ ለጸሐፊዋ መሰከሩልኝ።

የቆሰለው ቀኝ እግሬ ነው።

ባድመ ላይ ለደረሰብኝ ጉዳት አበል ስጠይቅ «ጉዳትህን የሚያውቅ ሰው አምጣ» ስለተባልኩ ከምንኖርበት ከሻንቶ ይዣቸው መጣሁ። እሁድ እሁድ ቸርች የምንሄደው አብረን ነው፣ በእግር።

ጸሐፊዋ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ሌላ ምስክር ይዤ እንድመለስ ተነገረኝ።

እሳቸው ምን ያድርጉ? ሰው እንዳያዝንልኝ ማነከሴን ስደብቅ ነው የኖርኩት። ለካ ጎበዝ ደባቂ ነኝ!

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ቀስ ብለው «ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ የትኛው ነበር?» አሉኝ።

«ይኼኛው» ብዬ ጉልበቴን አሳየኋቸው። ለሰው ሳሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

እናንተስ፣ የቱ ጋ እንደሚያማችሁ የሚያውቅ ሰው አላችሁ?