እሱባለው ያስተኛው ዊንዶውስ

እሱባለው ኮምፒዩተር ዘግቶ አያውቅም። ያስተኛዋል። ወረታ ላይ መብራት ሳይናገር ይሄዳል፤ እሱ ግን ምሳ ሊበላ ሲወጣ እንኳ ዊንዶውሱን ከነሥራው አስተኝቶት ይወጣና ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። «ሴቭ ማድረግ የፈሪ ነው» ይላል።

ሱቁ ከሩዝ መፈልፈያው ጀርባ ነው። የሠርግ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ይቆርጣል። አቆራረጡ አንድ ሕግ አለው፦ ሙሽራ አንገቷን ትደፋለች፣ አትበላም፣ አትስቅም። ከሳቀች ትቆረጣለች። ቪዲዮዎቹን አከታትሎ ያየ ሰው ሙሽሮቹ ሁሉ ፍርድ ቤት የቀረቡ ይመስሉታል።

ደንበኞቹ የሚያመጡት ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ነበር። ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣችው መምህርት ነፃነት አዘነችለትና በዚያው ኮምፒዩተር ላይ፣ እንደ ዊንዶውስ የሚያስነሣ ግን ቫይረሱ የማይነካው ሊኑክስ ጨመረችለት። ዲስኩንም ከፍላ አንዱን ክፋይ የዊንዶውስና የሊኑክስ የጋራ አደረገችው። «ፍላሽ በሊኑክስ ክፈት፣ የጋራው ላይ ገልብጥ፣ ከዚያ በዊንዶውስ ቁረጥ» አለችው።

የእትዬ ገላነሽ ልጅ ባየች ሐሙሲት ከተማ ተዳረች፤ ሠርጉን የቀረጸው እሱባለው ነው። በወጉ የሙሽራ እናት ልጇን ሸኝታ ትቀራለች፤ ሙሽራው ቤት ያለውን ድግስ አታይም። እትዬ ገላነሽ ሱቁ ድረስ መጡ።

«እሁድ መልስ ነው። ልጄን እንዴት አድርገው እንደተቀበሏት በዓይኔ ልይ።»

«ይዩታል እትዬ፣ በእኔ ይሁንብዎ።»

ቅዳሜ ቆረጣው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሚዜው አለኸኝ ጭፈራውን በፍላሽ ይዞ መጣ። እሱባለው ዊንዶውሱን አስተኝቶ በሊኑክስ ገባ። ሊገለብጥ ሲል የጋራው ክፋይ «ለማንበብ ብቻ፤ የመጻፍ ፈቃድ የለህም» አለው።

«የገዛ ዲስኬ!» ነፃነት ባስተማረችው ትእዛዝ ለማንም፣ ለምንም ፈቃድ ሰጠ። ዲስኩ ንቅንቅ አላለም።

«ጠበል እንርጨው?» አለ አለኸኝ።

«አንተን ነው የሚረጩህ!» ነፃነት ዘንድ ደወለ።

«ዊንዶውሱን ዘግተኸዋል?» አለችው።

«አስተኝቼዋለሁ።»

«እሱ ነዋ! የጋራውን ክፋይ እንደያዘ ተኝቷል። ሊኑክስ ቢጽፍበት ፋይሉ እንዳይበላሽ ነው የከለከለህ። ቀስቅሰህ በወጉ ዝጋው። በግድ መክፈቻም አለው፤ እሱን ግን...»

ከ«በግድ» ወዲያ ያለውን አልሰማም። ስልኩን ዘጋ።

«ቢሮ ቆልፎ ስብሰባ የሄደ ኃላፊ ሆነብኝኮ! ራሱ የለም፣ ቁልፉም የለም» አለና ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ያገኘውን ትእዛዝ ጻፈ። ክፋዩ ተከፈተ። ጭፈራው ተገለበጠ። እሱባለው እየሳቀ ወደ ዊንዶውስ ተመለሰ።

ዊንዶውሱ ዛሬ እንደተወለደ ሆኖ ተነሣ። በግድ መክፈቻው፣ ዊንዶውሱ ተኝቶ የያዘውን ሁሉ አጥፍቶበት ኖሯል። ሴቭ ያልተደረገው ቆረጣ የለም። የቀረው ያልተነካው ጥሬ ቀረጻ ብቻ ነው፤ መልሱም ነገ ነው።

እሁድ እሱባለው ኮምፒዩተሩን፣ አለኸኝ ስክሪኑን ታቅፈው በባጃጅ እትዬ ገላነሽ ዳስ ደረሱ። ጥሬው ተለቀቀ። ቄሱ ሲያዛጉ ታየ። የሙሽራው አጎት ሥጋ ጋቢው ውስጥ ሲያስገባ ታየ። «ዞር በይ አንቺ ወፍራም፣ ሙሽራዋን ጋረድሽኝ!» የሚለው የእሱባለው ድምፅ ዳሱን ሞላው። የድምፁ ባለቤት አጎንብሶ ገመድ የሚያስተካክል መሰለ።

ከዚያ ባየች መጣች። አማቷ ታጎርሳታለች፤ አፏ ሞልቶ ትስቃለች። ሌላ ጉርሻ ደገመቻት። የዳሱ ሰው ዞሮ እናቲቱን አየ። መልስ የመጣችው ባየች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እትዬ ገላነሽ ብድግ ሲሉ እሱባለው እጁን ወደ ሶኬቱ ሰደደ።

«ተው!» አሉ። «መልሰው።»

«እትዬ፣ ይቺን እቆርጣታለሁ፣ ይማሩኝ...»

«እጅህን ይቁረጠው! ከሄደች ጀምሮ አፍራ ጦሟን ታድር ይሆን እያልሁ እንቅልፍ የለኝም። በልታለች እኮ! መልሰው ብዬሃለሁ።»

መለሰው። እንደገና መለሰው። ባየች ለሌላ ጉርሻ አፏን ስትከፍት መብራት ሄደ።

ሰው ወደ ጠላው ተነሣ። እትዬ ገላነሽ ከጠቆረው ስክሪን ፊት አልተነቃነቁም። ባየችን በነጠላዋ ጫፍ ጎትተው አጠገባቸው አስቀመጧት።

«እስኪመጣ አንቺው ንገሪኝ። ወጡ የምን ነበር?»