የባዝራዋ ሆድ

ሲ.ኤም.ሲ አካባቢ እርጥብ ሳር ታጭዶ ሲሸተኝ ባዝራችን ትዝ ትለኛለች።

በደርግ ጊዜ ከየካ ሚካኤል በላይ ነበር የምንኖረው። ጤዛ ያዘለ ማገጥ የሚባለው የመስክ ሳር የፈረስ ሆድ ስለሚነፋ አባቴ ክረምት በመጣ ቁጥር "መጀመሪያ ድርቆሽ፤ ሳሩ ጤዛው ሲረግፍ" ይል ነበር። የዚያን ቀን ግን ወንድሜን ግርማን የት እንዳደረሱት ሊጠይቅ በማለዳ ቀበሌ ሄዷል። ባዝራዋ ታስራ ስትቁነጠነጥ አሳዘነችኝና ማገጡ ላይ ለቀቅኋት።

ከሰዓት በኋላ ሲመለስ መሬት ላይ እየተንከባለለች ነበር።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ሰጠሻት?"

"ማገጥ።"

አልተቆጣኝም። እንደምንም አስነሳትና ጆሮውን ጎኗ ላይ ለጠፈ። ደህና የፈረስ ሆድ ሁልጊዜ እንደሚያጉረመርም ያስተማረኝ እሱ ነው። እናቴ ከቤት ወጣች።

"ምን አሉህ?"

ጆሮውን ሳያነሳ "ዝም ብቻ" አላት።

እናቴ ደጃፉ ላይ ዘጭ አለች። ለባዝራዋ ይህን ያህል ማዘኗ ገርሞኝ፣ "እማዬ፣ ነገ እኮ ይሻላታል" አልኳት።

ባዝራዋ ሳይመሽ ሞተች።

ጋዜጠኛ ከሆንኩ ወዲህ ስለ ግርማ ብዙ ቢሮ ገብቼ ጠይቄያለሁ። እስካሁን ያገኘሁት መልስ ያው አባቴ ያመጣው ነው።