ምርቃት ስንት ግራም ነው?

እንዳለች የምትባል ሴት በልደታ የቀበሌ ሱቅ ስኳር መዛኝ ከመሆኗ በፊት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ጉልት ላይ ምስር በጣሳ ትሸጥ ነበር። ጣሳው ሞልቶ ካልተከመረ ሸጥኩ አትልም። «መርቂልኝ» ላላት ሁሉ ደግሞ እፍኝ ትደርብለታለች። እንዲህ እየሸጠች እንዴት እንዳልከሰረች እግዜር ይወቅ።

ስኳር በራሽን ሲሆን ግን ሥራዋ በሚዛን ሆነ። የሱቁ ኃላፊ ጓድ ኃይለሚካኤል ክፉ ሰው አልነበረም፤ መለካት ብቻ ይወድ ነበር።

«መጠኑ ያልታወቀ ነገር ከዚህ ሱቅ አይወጣም» አላት ገና ሥራ በጀመረች ቀን።

«ምርቃትስ ጓድ?»

«ምርቃት ስንት ግራም ነው?»

እንዳለች አሰብ አደረገች። «እንደ ሰዉ ነው» አለች።

«እንግዲያው አይቻልም።»

በዚያ ዘመን ስኳር ጎደለ ማለት አሻጥር ማለት ነው፤ አሻጥረኛ የት እንደሚወሰድ ደግሞ ሰፈሩ ያውቃል። እሷም ድርስ እርጉዝ ነበረች፤ የመጀመሪያዋ።

እማማ ወለተሥላሴ ወረፋ ይዘው የመጡት በዚሁ ሰሞን ነው። እናቷ ሞታባት ሜዳ ላይ ስትቀር ወስደው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ስኳሩ ተመዝኖ ሲሰጣቸው ከረጢታቸውን አልዘጉም።

«መርቂልኝ እንጂ ልጄ።»

«አይቻልም እማማ፤ በሚዛን ነው።»

እማማ ሰልፈኛውን ዞር ብለው አዩ፤ ቀጥሎም እሷን። «እኔን ምርቃት ነሳሽኝ?» አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ለራሽን የሚልኩት ጎረቤታቸውን ኮከቤን ሆነ።

ሆዷን ያየ ሁሉ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይላታል። ጓድ ኃይለሚካኤል እንኳ፣ ማርያምን መጥራት ለጓድ ባይመችም፣ ግራ ቀኙን አይቶ በሹክሹክታ ብሏታል። እንዳለች «አሜን» ትላለች፤ ልቧ ግን አይሞላም። ምርቃት በቁጥር ቢሆን ተርፏት ነበር፤ የጎደለባት የእማማ ነው። እሳቸው ሳይመርቋት ምጥ መግባት ፈራች። ፍርሃቷንም ለሰው መናገር አፈረች።

የራሷ ራሽን የደረሰ ቀን ስኳሯን ይዛ እማማ ቤት ሄደች። ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነበር። እንዳለችም ከመደርደሪያው ጣሳ አነሳችና ስኳሩን ትገለብጥ ጀመር። ሞላ፣ ተከመረ፣ ሰሌኑ ላይ ፈሰሰ።

«ኧረ በቃ! የራስሽን ነው እንዴ? አራስ ቤት ምን ልትቀምሺ ነው?»

«ይመርቁኝ እማማ። ፈርቻለሁ» አለች፤ እንባዋም ቀደማት።

እማማ ደነገጡ። ልጅቷ ይህን ሁሉ ተሸክማ መክረሟን አላሰቡትም ነበር።

«እኔ አፈር ልብላ! አኮረፍኩ እንጂ መች ረገምኩሽ?» አሉና መዳፋቸውን ሆዷ ላይ አሳረፉ። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ። ምጥሽን ቀላል፣ ቤትሽን ሙሉ ታድርገው። የወለድሽው ይደግልሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ይብቃልሽ...» እያሉ ቀጠሉ። ቆማ ወገቧ ዛለ፤ እግሯም ደነዘዘ። እንዳለች ግን በቃኝ አላለችም።