ተረኛው እስኪመጣ

ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ወታደር ካፖርቱ ዝናብ ጠጥቷል። ሽታው የአባቴ ነው።

ልጅ ሳለሁ አባቴ ወታደር ነበር፤ ከቦንጋ መውጫ ያለውን ድልድይ ይጠብቃል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴን ምጥ ያዛትና እሱን እንድጠራ ተላክሁ። የሚተኩት ጋሽ ደምሴ ግን ማር ልግዛ ብለው ማንኪራ የምትባል መንደር ሄደው ቀርተዋል።

"አባዬ፣ እማዬ ጥሪው ብላለች!"

"ድልድዩን ለማን ልተወው ልጄ?" አለና በካፖርቱ ሸፈነኝ። ዓይኑን ግን ከመንገዱ አላነሳም።

ጋሽ ደምሴ ሲመሻሽ እየሳቁ መጡ። "ቆየሁ እንዴ? በል ይሄን ለአራሷ" ብለው ማር ዘረጉለት።

"መዘግየትህን ለአዛዡ ራስህ ንገረው" ብሎ አባቴ እጄን ይዞ ሮጠ።

ወንድሜ ተወልዶ ደረስን። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ እስክትሞትም ያችን ቀን አልተወችለትም። ጋሽ ደምሴ ለአዛዡ አልተናገሩም። ለአባቴ ቀብር እንኳ የደረሱት ሰው ሲበተን ነው።

"ሹፌር፣ ፍጠንልኝ፤ የምተካው ጓደኛዬ እየጠበቀኝ ነው" ይላል አጠገቤ ያለው ወታደር።

ባጃጁ መጀመሪያ ወደ ሰፈሬ ሊታጠፍ ነው። "እኔን እዚሁ አውርደኝ" አልኩት ሹፌሩን።

"በዚህ ዝናብ፣ እማማ?"

"እሱን አድርስ።"